ሎሚው ወዴት ይንከባለላል?

ባለፈው ግንቦት አንድ ወዳጄ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ቤት ሊገዛ አስቦ «አብረን እንየው» አለኝና ሄድን። ደላላው ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ግቢው ተጠርጓል፣ ቀለሙ ገና ይሸታል፣ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። ወዳጄ እዚያ ቤት ቢቆይ ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው፤ ከሃያው አሥራ አምስቱን ያዋለው ካርታው ላይ ነበር። ማኅተሙን አየ፣ ካሬውን ደመረ፣ ፊርማውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አገላበጠ፣ በስልኩ ፎቶ አነሣ። ቤቱንስ? ሳሎኑ መሀል ቆሞ ዞር ዞር አለና «ሰፊ ነው» አለ። ምርመራው በዚሁ አለቀ።

አልፈርድበትም። በዚህ ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው የሚሰጋው ወረቀቱን ነው። አንዱን ቤት ለሦስት ሰው የሸጠ፣ እገዳ ያለበትን ካርታ ያቀረበ፣ የሞተ ሰው ውክልና ይዞ ብቅ ያለ… ታሪኩን ያልሰማ የለም። ስለዚህ ክፍለ ከተማ ሄደን እዳና እገዳ እናጣራለን፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ወረፋ እንይዛለን፣ የሕግ ሰው እናማክራለን። ደግ ነው። ግን እኮ ቤቱም ራሱ ሰነድ ነው! ዕድሜውን፣ ሕመሙን፣ ተሸፋፍኖ የታለፈለትን ጥገና ሁሉ በግድግዳው፣ በወለሉና በኮርኒሱ ላይ ጽፎ አስቀምጧል፤ ያጣው የሚያነብለት ሰው ነው። አቃቂ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ምክንያቱም ከታች ያለው አፈር እጅግ ለፍላፊ ነው።

በክረምት አቃቂን በእግሩ የረገጠ ሰው ይህን አፈር አይረሳውም። አምስት እርምጃ ስትራመዱ ጫማችሁ ይከብዳል፤ አሥር እርምጃ ስትራመዱ ቁመታችሁ ጨምሯል። ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ ይለዋል፤ መሐንዲሶች ብላክ ኮተን ይሉታል። ይህ የእንግሊዝኛ ስም የመጣው ሕንድ ውስጥ በዴካን አምባ ጥጥ ከሚበቅልበት ጥቁር አፈር ነው። እኛ ዘንድ ጥጥ ሳይሆን ጤፍና ሽምብራ ነው የሚወደው። ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን ሜዳ በጥቅምት ያየ ሰው ለገበሬ እንዴት ያለ በረከት እንደሆነ ያውቃል። ለቤት ግን ሌላ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ የካቲት ላይ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይታይበታል።

ለምን እንደሚያብጥ ልንገራችሁ፤ እኔ መጀመሪያ ስሰማው በጣም ነው የገረመኝ። በዚህ አፈር ውስጥ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ዓይነት አለ፤ ስሙን ያገኘው ከአንዲት የፈረንሳይ ከተማ ነው። በዓይን አይታይም እንጂ ቢታይ፣ መሶብ ውስጥ የተነባበረ እንጀራ ነው የሚመስለው፤ እጅግ ስስ የሆነ ገጽ በገጽ ላይ ተደርቦ። ተራ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ከውጭ ይርሳል። ይኼኛው ግን ውሃውን በየንብብሩ መሀል ያስገባዋል። ገጽ ከገጽ ይራራቃል፣ መሶቡ ሞልቶ ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋል። ክዳኑ የእናንተ ቤት ነው። ሲደርቅ ደግሞ ውሃው ከየመሀሉ ይወጣና እንጀራው ተመልሶ ይተኛል፤ ክዳኑም አብሮ ይወርዳል። ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል።

ቤታችሁ ወይም ልትገዙት ያሰባችሁት ግቢ አፈሩ ምን ያህል አባጭ እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ብርጭቆ ይበቃችኋል። ሣሩን ገለል አድርጋችሁ ከታች ጥቂት አፈር ቆፍሩ፤ በፀሐይ አድርቁት፣ በሙቀጫ ውቀጡት፣ በወንፊት ንፉት። እኩል እኩል ሁለት ሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ ሁለት ጠባብ፣ ልሙጥ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩ። አንዱን በውሃ ሙሉት፤ ሌላውን በላምባ። አማስሉና እስከ ነገ ተዉት። ላምባው ውስጥ ያለው አፈር እንዳለ ይቀመጣል፤ ላምባ ከእነዚያ ስስ ገጾች መሀል ገብቶ አያሳብጥምና። ውሃው ውስጥ ያለው ግን ዋልካ ከሆነ ሌሊቱን ሲያብጥ አድሮ ጠዋት ከጎረቤቱ በልጦ ታገኙታላችሁ። በማስመሪያ ለኩት። በግማሽ ያህል ከበለጠ አፈራችሁ በኃይል ከሚያብጡት ወገን ነው። የአፈር ላቦራቶሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ብርጭቆው የተመጠነ፣ ሚዛኑ ትክክለኛ ከመሆኑ በስተቀር። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ሥሩት፤ ላምባውን ግን ከምድጃ አርቁት።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። አፈሩ በአንድ ላይ አብጦ በአንድ ላይ ቢሟሽሽ ኖሮ ቤቱ እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ይል ነበር እንጂ ብዙም አይጎዳም። ችግሩ እኩል አለመሆኑ ነው። ክረምት ሲገባ የሚርሰው የቤቱ ዙሪያ ነው፤ ከወለሉ ሥር ያለው መሀሉ ግን ጥላ አለው፣ ቶሎ አይርስም። ስለዚህ ዳሩ ይነሣል፣ መሀሉ ይቀራል። በበጋ ደግሞ ዳሩ ቀድሞ ይደርቅና ይወርዳል። ብሎኬት መጨመቅን እንጂ መታጠፍን አይችልም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል።

ይህን ከያዛችሁ፣ ቴክሳስ ውስጥ የሚደረግ አንድ ነገር ብነግራችሁ እብደት አይመስላችሁም። ዳላስና ሂዩስተን አካባቢ የእኛን የመሰለ አባጭ አፈር አለ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች በበጋ የቤታቸውን መሠረት ዙሪያ ውሃ ያጠጣሉ! ቀዳዳ ያለው ጎማ ዘርግተው፣ እንደ ጓሮ ጎመን። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። ግን ነገሩ ልክ ነው። የቤቱ ጠላት ውሃው ራሱ ሳይሆን መለዋወጡ ነው፤ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እርጥበት ከያዘ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቧንቧችን በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መሠረት ማጠጣት የማይታሰብ ነው። እኛ የምንችለው ተቃራኒውን ነው፤ የክረምቱን ውሃ ከቤቱ እግር ማራቅ።

ስንት ውሃ ነው ግን? እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ቢሆንና በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ (የአዲስ አበባ አማካይ ከዚህም ይበልጣል) ጣሪያው የሚቀበለው 100,000 ሊትር ነው። በባለ 200 ሊትር በርሜል 500 በርሜል! አብዛኛው ደግሞ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን 500 በርሜል በሙሉ በገዛ ግድግዳው እግር ሥር ይደፋዋል ማለት ነው፤ ያውም እንደዚያ ባለ አፈር ላይ። ሰው ለሴራሚክና ለጂፕሰም ኮርኒስ ስንት ሺህ ብር አውጥቶ አሸንዳን «በኋላ እናስገጥማለን» ሲል ስሰማ ይደክመኛል።

አሸንዳው ቢኖርም ውሃውን ወዴት እንደሚሸኘው እዩ። ብዙ ጊዜ ቧንቧው ከጣሪያ ወርዶ ልክ የግድግዳው ጥግ ላይ ያበቃል። ይህ የዙሪያውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቦታ መድፋት ነው፤ ከዚያ ይልቅ አለመኖሩ ይሻል ነበር። ውሃው በቱቦ ወይም በድንጋይ ቦይ ከቤቱ ራቅ ብሎ መውጣት አለበት። የቤቱን ዙሪያ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ቢከበው ጥሩ ነው። ዝንባሌው ብዙ አይደለም፤ በአንድ ሜትር ውስጥ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ካለ ይበቃል። በውሃ ልክ ታረጋግጡታላችሁ፤ ውሃ ልክ ከሌላችሁ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።

ስለ ውሃ ካነሣን የቦታውን አቀማመጥም አትርሱ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ገደማ። የከተማው ጎርፍ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ወደ ደቡብ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ነው የሚጠራቀመው። ላይኛው ከተማ ላይ አስፋልትና ጣሪያ በበዛ ቁጥር ታች ያሉት ሰፈሮች የሚቀበሉት ጎርፍ ይጨምራል። ስለዚህ አቃቂ ላይ ቤት የምታዩ ሰዎች፣ ከቤቱ ወጥታችሁ ወንዙ ወይም ትልቁ ቦይ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቁ። የአጥሩን ግንብ ከታች እዩት፤ አግድም የተሰመረ የጭቃ እድፍ ካለ ያ መስመር የጎርፍ ፊርማ ነው። ሱቅ ያለውንም ልጅ ጠይቁት። ደላላ የማይነግራችሁን የሰፈር ባለሱቅ በአንድ ለስላሳ ይነግራችኋል።

(አባ ሳሙኤል ራሱ የጥገና ታሪክ ነው። ይህ የድሮ የውሃ ኃይል ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ለከተማው ብርሃን ሰጥቷል። ከዚያ ቆመ። ከ40 ዓመት በላይ እንደቆመ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። በዚያ መንገድ በሄድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።)

ወደ ውስጥ እንግባ፤ ሎሚውን የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ለጥምቀት የሚወረወረውን አይደለም፤ ክብ ክብ ያለ ተራ ሎሚ። ሳሎኑ መሀል ወለሉ ላይ አስቀምጡትና ልቀቁት። ከቆመ ደስ ይበላችሁ። ትንሽ ተንቀሳቅሶ ከቆመ የሊሾ ሠራተኛው እጅ ነው፤ ምንም አይደለም። ግን በሦስት ቦታ ሞክራችሁት በሦስቱም ወደ አንድ ጥግ ከሮጠ፣ ያ ጥግ ወርዷል ወይም ሌላው ተነሥቷል። ወዳጄ ባየው ቤት፣ እሱ «ሰፊ ነው» ብሎ ሲጨርስ እኔ ስሞክረው፣ ሎሚው ወደ መኝታ ቤቱ ጥግ ሄደ። ደላላው «ወለሉ እንዲታጠብ ሆን ተብሎ ነው የተዘነበለው» አለን። መኝታ ቤት በባልዲ ውሃ ነው እንዴ የሚታጠበው?

በሩንም ጠይቁት። የእንጨት በር በክረምት ቢጠብቅ ቤቱን አትጠርጥሩ፤ እንጨት ራሱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። የብረት በር ግን በዝናብ አያብጥም። ስለዚህ የብረቱ በር ነሐሴ ላይ ካልተዘጋ፣ የካቲት ላይ ደግሞ ያለ ችግር ከተዘጋ፣ እየተንቀሳቀሰ ያለው በሩ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ግድግዳ ነው። የበሩን ጠርዝ ብቻ ማየት ይበቃል፤ ቀለሙ በአንድ በኩል ተፍቆ ከሆነ፣ ወይም ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ በሞረድ ከሰፋ፣ አንድ ሰው ከዚህ በር ጋር ዓመታት ታግሏል።

ስንጥቅ ሁሉ ግን አያስደነግጥ። ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ሲሚንቶው ቶሎ ደርቆ ነው፤ ቀለም ይሸፍነዋል። ኮሎንና ብሎኬት በሚገናኙበት ቀጥ ብሎ የሚወርደውም በየቤቱ አለ፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይሄዱ ነው። ልባችሁን ስጡት የምለው ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ለሚሄደው፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ ለሚወርደው ነው። ያ ከመሠረት ነው የሚመጣው። ስፋቱን ለኩ። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ተከታተሉት፤ ወደ አምስት ሲጠጋ በሮችና መስኮቶች መያዝ ይጀምራሉ፤ አሥራ አምስት ካለፈ መሐንዲስ ሳታመጡ ምንም ብር አትክፈሉ፣ ባለቤቶች ከሆናችሁም አትደሩ።

ከስፋቱ በላይ ግን የሚያሳስበው ማደጉ ነው። ባለቤት የሆናችሁ እርሳስ አንሡ። የስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ ጭረት አድርጉና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። እኔ ቤት ግድግዳ ላይ «ጥቅምት 8» እና «መጋቢት 3» የሚሉ ጽሑፎች አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ በስዕል ትሸፍናቸዋለች። ሁለት ክረምት ሙሉ ከጭረቱ ያላለፈ ስንጥቅ የሞተ ነው፤ ሙሉትና ቀቡት። እየተከፈተ የሚዘጋ ከሆነ ግን በሲሚንቶ መድፈን ዋጋ የለውም። በበጋ ሲከፈት ብትደፍኑት በክረምት መዝጊያ ያጣና ከጎኑ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። መጀመሪያ የውሃው መንገድ ይስተካከል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ፤ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ። መሬት ውስጥ በቀስታ የሚያፈስ ቧንቧ፣ በበጋ አጋማሽ ለአንድ ጥግ ብቻ የሚዘንብ የግል ክረምት ነው! አንድ ጥግ ያብጣል፣ ሦስቱ እንደደረቁ ይቀመጣሉ። ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ በመጣበት ቀን ሮቶው እስኪሞላ ጠብቁ፣ ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉ፣ ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። ማንም ውሃ ሳይጠቀም ቆጣሪው ከዞረ ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ሮቶውንም ቀና ብላችሁ እዩት፤ 2,000 ሊትር ማለት ሁለት ቶን ነው። ከሥሩ የቆመው ብረት ዝጎ ከሆነ ወይም ሶሌታው ከበታቹ ፌሮው ወጥቶ የሚታይ ከሆነ፣ ልጆች በዚያ ሥር አይጫወቱ።

ጣሪያው ቀላል ነው። በቀን መብራት አጥፍታችሁ ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ቀና ብላችሁ ማየት ከቻላችሁ፣ የብርሃን ነጥቦቹ የሚስማር ቀዳዳዎች ናቸው፤ ቁጠሯቸው። ወደ ውስጥ መግባት ካልተቻለ ኮርኒሱ ላይ የቡና ስኒ የተቀመጠበት የሚመስል ቡናማ ክብ ፈልጉ። ክብ በክብ ውስጥ ካለ ጣሪያው ደጋግሞ አፍስሷል። ቆርቆሮ ስትገዙም ቁጥሩ እንዳያሳስታችሁ፤ ባለ 32 ጌጅ ከባለ 28 ይሳሳል እንጂ አይወፍርም።

መብራቱ ላይ ደግሞ የምጣዱን ነገር ብቻ ላንሣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ይመጣል፤ ለአንድ ሶኬት ብዙ ነው። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ግድግዳ ውስጥ ይግላል። የሚታይበት ነገር አለ፤ ጠርዙ የጠቆረ ሶኬት፣ በጋገሩበት ቀን የሚሸት ላስቲክ፣ «ይወድቅብን ነበር ስለዚህ በትልቅ ቀየርነው» የሚባል ብሬከር። ይህቺን የመጨረሻዋን ስትሰሙ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ብሬከሩ ይወድቅ የነበረው ሽቦውን ለማዳን ነበር።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ቤት መርማሪነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የመርማሪዎቹ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን «ኢንስፔክተሩ ሳያይልኝ አልፈርምም» ሲሉ ሰምታችኋል፤ እነዚያው ዘመዶች እዚህ ሲገዙ ግን በቪዲዮ ጥሪ ሳሎኑን አይተው ብር ይልካሉ! የባንክ ገማች መጥቶ ቢያይላችሁም እሱ የመጣው ለብድሩ መያዣ ዋጋ ሊያወጣ ነው፤ ከመሠረቱ ሥር ያለው የእናንተ ጣጣ ነው።

እናቶቻችን ግን ይህን ያውቁታል። የጭቃ ቤት ባለቤት የነበረች ሴት በየዓመቱ ቤቷን ትመረምር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የተሸረሸረውን ምርጊት በእጇ እየዳሰሰች ታገኛለች፣ ጭድና ጭቃ አብኩታ ትደፍናለች፣ በእበት ትለቀልቃለች፤ ዕንቁጣጣሽ የሚገባው እንደዚያ በታከመ ቤት ነው። ቋሚው ምስጥ በልቶት እንደሆነ አባወራው በመጥረቢያ ዘንግ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ይቀየራል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። ብሎኬትና ሲሚንቶ ሲመጣ «ዘላለማዊ» መሰለንና እጃችንን ሰበሰብን።

ሌላም ነገር እጃችንን አሰብስቦናል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ኪራዩ ዝቅ አለ፤ ተከራይ ተጠቀመ። ከዚያ ኪራይ ግን ጣሪያ የሚያስቀይር ገንዘብ አይወጣም ነበር። የሚኖርበት «የመንግሥት ነው» ይል ነበር፣ ቀበሌው «በጀት የለም» ይል ነበር፣ ቆርቆሮው በመሀል ይዝግ ነበር። ይህ አመል ዛሬ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ። ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ ሂዱ፤ በሩን ዘግቶ ውስጡን ያሳመረ ሰው ከበሩ ውጭ ያለው የደረጃ መብራት የማን እንደሆነ አያውቅም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ግን ጣሪያው፣ ደረጃውና የውጭው ግድግዳ የሁሉም እንደሆኑ፣ ማኅበር ተቋቁሞ እንዲጠብቃቸው ያዛል። ኮንዶሚኒየም ስትገዙ እንግዲህ ቤቱን ብቻ አትዩ። አራተኛ ፎቅ ወጥታችሁ ጣሪያውን እዩ፤ ማኅበሩ በየወሩ ያዋጣ እንደሆነ፣ ሣጥኑ ውስጥ ስንት እንዳለ ጠይቁ። 2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ከፈንታሌ ተራራ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙ ሰው በሌሊት ደረጃ ወርዷል፤ በማግስቱ ሁሉም ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። የትኛው ስንጥቅ የትናንት፣ የትኛው የቆየ እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ግን አልነበረም። እርሳስ የያዘ ሰው ስላልነበረ ነው።

አዲስ ቤት ለምታሠሩ ደግሞ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥሩ መሣሪያ ሰጥቷችኋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ ሥራ ተቋራጩ ቤቱን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል፤ ጉዳቱ ከሥራው ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቤቱ ከቆመበት አፈር ጠባይ የመጣ ቢሆንም። አፈሩን ጠቅሶ ነው የጻፈው! ስለዚህ አቃቂ ላይ የሚሠራ ተቋራጭ «አፈሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» ቢል መልስ አለው፤ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ወይም መሠረቱን እንቅስቃሴው ከማይደርስበት ጥልቀት ማውረድ የእሱ ሥራ ነበር። መሠረት ሲቆፈር በየቀኑ ፎቶ አንሡ። ከተደፈነ በኋላ ማንም አያየውም።

ወዳጄን የት ተውኩት? አዎ፣ ሎሚው ላይ። ደላላው «ሌላ ገዢ ነገ ቀብድ ይዞ ይመጣል» ብሎ አጣደፈው፤ እኔም «እስኪዘንብ ጠብቅ» አልኩት። ተናደደብኝ፤ ለአንድ ሳምንት አልደወለም። ሌላው ገዢ ግን ሰኔም፣ ሐምሌም አልመጣም። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። «እየዘነበ ነው፤ ና!»

ጃንጥላ ይዘን፣ ጭቃው ቁመታችንን እየጨመረልን ደረስን። የጣሪያው ውሃ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ልክ ሎሚው የሄደበት ጥግ። ከውጭ ቆመን ስንጠቁም የቤቱ ባለቤት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አንዲት እናት በሩን ከፈቱ። በግንቦት አላገኘናቸውም ነበር፤ ደላላው ብቻውን ነበር ያስገባን። «ምነው ልጆቼ፣ በዝናብ? ግቡ እንጂ።»

ቡና አፈሉልን። ወዳጄ እያፈረ «እማማ፣ ቤቱን በዝናብ ላየው ብዬ ነው» አላቸው። ሳቁ። «ታዲያ ጥሩ አደረግህ። ቀለሙን ያስቀባኝ ደላላው ነው፤ እኔ ደስም አላለኝ» አሉና ተነሥተው ወደ መኝታ ቤቱ መሩን። ቁም ሣጥኑን በአንድ ጎን ያዙት፤ ወዳጄ በሌላው። ሲገፉት ከጀርባው እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ወጣ። «ይኸውላችሁ፣» አሉ፣ «ልጄ፣ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ አሸንዳ ላስገጥም እያልኩ ነው የቆየሁት። ለካው፤ ዋጋውን ከዚያ እንነጋገራለን።»

ወዳጄ ከኪሱ ማስመሪያ አወጣ።